ዩን ከገበያ ስትመለስ

ጁዋንግ ጂንፉ ልጅ አልወለደም፤ ዩንን ግን አሳድጓል። አሳድጓል ማለትም ይከብዳል፣ ልጅቱ ዕድሜዋን ሙሉ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በታይዋኗ ታይናን ከተማ፣ ከአንድ ቤተ መቅደስ ጀርባ ካለች አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት የሦስተኛ ክፍል የሂሳብ መልመጃ ይወጣል። የገንዘቡን ጥያቄዎች የሚጽፈው እሱ ነው። «ዩን መቶ ዩዋን ይዛ ገበያ ሄደች። ይህን በዚህ፣ ያንን በዚያ ገዛች። ስንት ተረፋት?»

እርሳሱን አንስቶ «ዩን» ብሎ ሲጽፍ መስኮቱም፣ ማሽኑም፣ የቀለሙ ሽታም ቀስ እያሉ ይርቁትና የገበያው መተላለፊያ ይከፈትለታል። ከዓሣው በረዶ የቀለጠው ውሃ መሬቱን አርሶታል፤ ዩን ቀይ ፌስታል አንጠልጥላ ውሃውን እየዘለለች ትሄዳለች። ፊቷን አይቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከኋላዋ ነው። ምሳው ስንት ጊዜ ፊቱ ቀዝቅዟል። ባልደረቦቹ «ጂንፉ ደግሞ ገበያ ወረደ» እያሉ ይሳለቁበት ነበር።

ዋጋ የምታጣራለት ሚስቱ ሊየን ናት። ገና እንደተጋቡ ዩን ጥቅል ጎመን በሠላሳ፣ ቅጠል ሽንኩርት በአምስት ዩዋን ገዛች ብሎ ጽፎ ቢያሳያት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ለሽንኩርት ከፈለች?»

«አዎ፣ አምስት ዩዋን።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጎመን ለገዛ ሰው ሽንኩርቱ ምርቃት አይደል እንዴ? እናት የላትም ብለው ነው የሚያታልሏት?»

«እናትማ አላት» አለ ጂንፉ፣ ሳያስበው።

ሊየን ሳቋን ተወችው። ከዚያ ወዲህ ገበያ በወጣች ቁጥር የዘይቱኑን፣ የአኩሪ አተር አይቡን፣ የዓሣውን ዋጋ ለዩን ብላ ጠይቃ ትመለሳለች። ዘመድ በአዲስ ዓመት እየመጣ «እናንተስ መቼ ነው?» ማለቱን ከተወ በኋላ፣ በዚያ ቤት የሚጠራ የልጅ ስም ይኸው ብቻ ነበር። ሽንኩርቱም ዳግመኛ ዋጋ አልወጣለትም። መምህራን «የሽንኩርቱ ዋጋ ተዘሏል» ብለው ሲጽፉለት ጂንፉ «እናታችሁን ጠይቁ» ብሎ ይመልስላቸዋል።

አንድ ቀን አዲሷ አዘጋጅ ፔይሹዋን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«መምህር፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎ። የዛሬ ልጆች ካርድ አስነክተው ነው የሚከፍሉት፤ ዝርዝር ሳንቲም በእጃቸው አይዙም። ከሚቀጥለው እትም በኋላ የገንዘቡ ምዕራፍ ይቀራል።»

«ዩንስ?»

ፔይሹዋን አቀረቀረች። «እኔም ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ያንን ሽንኩርት ስቼዋለሁ» አለች። «አንድ የመጨረሻ ይጻፉላት። ይህን ያህል ለምኜ አስፈቅጃለሁ።»

ጂንፉ ቤቱ ገብቶ ለሊየን ነገራት። ሩዝ እያጠበች ነበር፤ እጇን ከውሃው ሳታወጣ ጠየቀችው።

«አሁን የት ናት?»

«ማን?»

«ዩን ናታ። ባለፈው የጻፍከው ላይ የት ቀረች?»

«ዓሣ ሻጩ ጋ። ሃያ ሁለት ዩዋን ተርፏታል።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ዘይቱን ሻጯ ጋ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ገበያ ትልካታለህ። አንድ ቀን እንኳ ወደ ቤት አስገብተሃታል?»

እውነቷን ነው። ጥያቄው ሁሉ የሚያልቀው ልጅቱ የተረፋትን ጨብጣ ሻጭ ፊት እንደቆመች ነው። አሁን መጽሐፉ ቢዘጋ እዚያው ቆማ ልትቀር ነው።

በማግስቱ ጠዋት እርሳሱን አነሳ። «ዩን መቶ ዩዋን ይዛ ገበያ ሄደች። ጎመን በአርባ፣ ዘይቱን በሠላሳ አምስት ገዛች፤ ሽንኩርትም ይዛለች።» እዚህ ላይ መተላለፊያው ተከፈተ፤ ውሃው፣ ቀዩ ፌስታል፣ ያች ትንሽ ጀርባ። ዩን መታጠፊያው ላይ ደርሳ ዞረችና ወደ እሱ መምጣት ጀመረች። ግንባሯ የሊየን ነው። ጆሮዋ ግን ቁርጥ የራሱ፣ ያ ሰው የሚስቅበት ሰፊ ጆሮ። ጂንፉ እንባው ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ ቀና ብሎ ጻፈ። «ከዚያም ወደ ቤቷ ተመለሰች። የተረፋትን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ ባልና ሚስት ለምሳ ሲቀመጡ ስልክ ተደወለ። ፔይሹዋን ናት።

«መምህር፣ ጥያቄው ቀርቷል እኮ። ‹ስንት ተረፋት› የሚለውን ረስተዋል።»

ጂንፉ የጻፈውን በልቡ ከላይ እስከ ታች አነበበው። አዎ፣ ረስቶታል። ይጨምረው ብሎ ቢያስብም አልሆነለትም፤ ቤቷ ከገባች በኋላ ምኗን ይጠይቃታል?

«ማን ነው?» አለች ሊየን፣ ሾርባው ላይ ሽንኩርት እየበተነች።

«ከማተሚያ ቤት። ስለ ዩን ነው።»

«ምሳ እየበላች ነው በላቸው።»

ጂንፉም እንደዚያው ነገራቸው።