የሚዳቋዋ ጆሮ

ባሌ ወርቅነህ ጂንካ ውስጥ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን አንጀት ያሳርራል። በ1972 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ወጥመድ እግሯን የሰበራትን ሚዳቋ አልዱባ ከሚባል ገጠር በሥራ ካፖርቱ ጠቅልሎ መጣና፣ «ጤናዬ፣ ለጥቂት ቀን ነው» አለኝ። ጥቂት ቀን! ሁለት ወር ሙሉ ጎመኔን ስትጨርስ ከረመች።

እግሯን በሸምበቆ አስሮ ጠገነላት። በዚያ ሰሞን የከብት ክትባት ዘመቻ ላይ ስለነበር፣ መርፌ ሲወጋት እጁ እንደለመደው የጆሮዋን ጫፍ ቆረጠው። የተከተበ ከብት ምልክቱ ያ ነው።

«ምን ነካህ ሰውዬ! በሬ መሰለችህ?»

«እጄ ቀድሞኝ ነው» አለ፤ በጣም አፈረ።

እግሯ ሲድን ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣ። ከሰው እጅ መብላት ለምዳ ውሻ እንኳ ሲመጣባት አትሸሽም፤ ቶሎ ጫካ ካልገባች አለቀላት አለኝ። አልዱባ ወስዶ ለቀቃት። በአራተኛው ቀን ኤርጎ የሚባል የበና ብሔረሰብ ከብት አርቢ ተሸክሟት ደጃችን ቆመ።

«ሐኪም፣ ከብትህ ጠፍታ ነበር። ራሷ ወደ እጄ መጣች።»

እዚያ አገር ጆሮው የተቆረጠ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ያገኘ ይመልሳል። ምን ይባላል? አመስግነን፣ አብልተን ሸኘነው።

ባሌ ደግሞ ለቀቃት፤ ኤርጎ ደግሞ አመጣት። በዚህኛው ጊዜ ግን ተራግጣ ደረቱን ጫጭራዋለች። ሰው መፍራት ጀመረች ብሎ ወርቅነህ ደስ ብሎት ሳቀ። እኔ በሸቅኩ።

«ኤርጎ፣ በሞቴ፣ ሁለተኛ እንዳታመጣት! የዱር ናት!»

«ጆሮዋስ?» አለኝ።

ዞሬ ባሌ ላይ ጮህኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ ከተለቀቀች ዓመት ሊሞላ ሲል ኤርጎ ጠመንጃውን አንግቶ ባዶ እጁን መጣ። ክው አልኩ።

«ገደልካት?»

«እቴ፣ አነጣጥሬባት ነበር። ጆሮዋን ሳይ ተውኩ። ላመጣት ስጠጋ አመለጠችኝ።»

«ሸሸችህ?» አለ ወርቅነህ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ሸሸች። ግልገል አላት። የሱ ጆሮ ግን አልተቆረጠም። የማንም ካልሆነ እንገድለዋለን። የማን ነው?»

ወርቅነህ የዱር ነው ሊል አፉን ከፈተ። መዋሸት አያውቅበትም፤ ስለዚህ ቀደምኩት።

«የኔ ነው!» አልኩ፣ ያቺው ስለ ጎመኔ ስጮህ የከረምኩት። «እናቱም የኔ፣ እሱም የኔ! ለሰዉ ሁሉ ንገር!»

ኤርጎ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ።

«ታዲያ ቀድሞ እንዲህ አይባልም?» አለ።