ጥቁሩ ገመድ

የባትሪ ገመድ መፍታት ያስተማሩኝ ባለቤቴ ናቸው። የመኪናችን ዳሽቦርድ ላይ የሞተር ምልክት እየበራ ሲያስቸግረን ባትሪውን ለጥቂት ጊዜ ፈትተን መልሰን እናስራለን፤ ምልክቱ ይጠፋል። ጎንበስ ሲሉ ወገባቸውን እያመማቸው ሥራው ወደ እኔ ዞረ።

«ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉን ንቀይ። አምባርሽን አውልቂ» ይሉኛል ከጎኔ ቆመው። «መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ነጌቲቩን ነው የምትፈቺው። በቀዩ ከጀመርሽ መፍቻው የመኪናዋን ብረት ሲነካ እሳት ይተፋብሻል። ስታስሪ ደግሞ ጥቁሩ መጨረሻ።»

«ገባኝ፣ ሐጂ።»

«ገባኝ ብለሽ ሰፈሩን እንዳታቃጥዪው!»

ባትሪው በተፈታ ቁጥር የመኪናዋ ሰዓት ይጠፋል። እሱን መሙላት የእሳቸው ድርሻ ነበር፤ ለማንም አይሰጡም።

ባለፈው ክረምት ዓይናቸው ደከመ። ጁምዓ ጁምዓ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየነዱ ታማሚ እህታቸውን ይጠይቃሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ስሄድ ቁልቁለቱ ላይ የአንድ ባጃጅ ጎን ጨረፉ። የተጎዳ ሰው የለም፣ አልሐምዱሊላህ። «ከየት መጣ?» አሉ። ባጃጁ ከፊታችን ነበር፤ እኔ ከሩቅ አይቼዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዱ ሰው ናቸው፤ ይብቃዎት ለማለት አፌ አልደፈረም።

በሚቀጥለው ጁምዓ ሱብሂ ሰግደው ጋደም ሲሉ ወጥቼ ጥቁሩን ገመድ ፈታሁ። እንዳስተማሩኝ አምባሬን አውልቄ።

ሲነሱ መኪናዋ እምቢ አለች። ኮፈኑን ከፍተው አጎነበሱ። ገመዱ ከባትሪው ጎን ተጋድሟል። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ዙሪያውን ተመለከቱ፤ አላዩትም።

«ባትሪው እንደ ባለቤቱ አርጅቷል» ብለው ሳቁ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። በሚኒባስ ሄዱ።

እንደሄዱ ገመዱን አሰርኩ። ሰዓቱንም ከሳሎኑ ሰዓት ጋር አስተያይቼ ደቂቃ ሳላዛንፍ ሞላሁት።

ማምሻውን ሲመለሱ ሞከሯት፤ ወዲያው ተነሳች። ፊታቸውን ወደ ሰዓቱ አስጠግተው ቆዩ።

«ይህን ማን ሞላው?»

ያኔ ትዝ አለኝ። መንገድ ላይ ሶላት ሳይደርስባቸው ታጥበው ውዱእ እንዲያደርጉ፣ ሰዓቱን ሁልጊዜ አስር ደቂቃ ያህል ያስቀድሙት ነበር።

«ጥቁሩን ነው አስቀድመሽ የፈታሽው?»

«አዎ።»

«አምባርሽስ?»

«አውልቄው ነበር።»

«ስታስሪ?»

«ጥቁሩ መጨረሻ።»

«ማሻአላህ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ሰዓቱን እንደ ልማዳቸው አስቀድመው፣ ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን እጄ ላይ አኖሩት።

ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ስለ ባጃጁ እነግራቸው ነበር። ያን ጠዋት ገመዱን ሲፈልጉት ቆሜ ማየቴን ግን የምናገር አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ጁምዓ እስከ ሚኒባሱ እሸኛቸዋለሁ። ባትሪው እንዳይደክም መኪናዋን አልፎ አልፎ አስነሺያት ብለውኛልና አስነሳታለሁ። እሳቸው ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ሆነው የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣሉ። እኔ እስካጠፋው ድረስ ወደ መስኮቱ ቀና አልልም።