በጋይሲ በዓል አምፓን የሆነው ሰው

ኤቦ ቤንትሲል ከኬፕ ኮስት በስተምዕራብ ባለች የባሕር ዳር ከተማ ጀልባ ጠራቢ ነበር። በአገሩ ልማድ ዓሣ አጥማጆች ማክሰኞ ባሕር ስለማይገቡ፣ የሟቹ ደራሲ የጋይሲ መታሰቢያ በዓል በየዓመቱ የሚውለው ማክሰኞ ነው። ምሁራኑ ይናገራሉ፣ ተማሪዎች ያነባሉ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደራሲው ስለ ባሪያ ንግድ ከጻፈው መጽሐፍ አንድ ክፍል አደባባይ ላይ በተውኔት ይታያል። የእህቱን ልጆች ለነጭ መርከብ የሚሸጠውን አምፓን ሆኖ የሚጫወተው ኤቦ ነበር፤ ድምፁ ወፍራም፣ ትከሻው ሰፊ ነውና። ሕዝቡ ሲተፋበትና የብርቱካን ልጣጭ ሲወረውርበት ይስቃል። ሚስቱ አራባ ግን ነገሩን አልወደደችለትም፤ ክፉ ስም በጨዋታም ቢሆን ይጣበቃል ትለው ነበር።

አምፓ በእርግጥም የኖረ ሰው ነው። ዘሮቹ ከከተማዋ አጠገብ ካለው ሐይቅ ማዶ ይኖራሉ፣ መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ «የሻጭ ዘር» እየተባሉ ነው ያደጉት። አንድ ዓመት የእነሱ ወገን የሆነውን የመረብ ጎታቹን የኤሱማንን እህት ያጩ ሽማግሌዎች ይህንኑ ስም ሰምተው ቀሩ።

በዚያው ዓመት በበዓሉ ቀን ኤቦ ገና መድረክ ከመውጣቱ ኤሱማንና ዘመዶቹ መቅዘፊያና ገጀራ ይዘው አደባባዩን ወረሩት። ወንበር ተሰባበረ፣ የከበሮ መቺው ግንባር ተተረተረ፣ ምሁራኑ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ኤሱማን ኤቦን በጸጉሩ ጎትቶ አንበረከከውና ገጀራውን አንገቱ ላይ ደገነበት። ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ደቀነለት።

«ቅድመ አያታችን ማንንም አልሸጠም በል። ጋይሲ ዋሽቷል በል።»

ኤቦ ይህም ያው ቃለ ተውኔት ነው ብሎ አሰበ፤ ስንቱን ክፉ ቃል ተናግሮ የለ። በዚያ ወፍራም ድምፁ የተባለውን አንድም ሳያስቀር ተናገረው።

የአምፓ ዘሮች ያሰቡት ሞላላቸውና ወደ ሐይቁ ሮጡ። ሕዝቡ ግን አልተከተላቸውም፤ ኤቦ ላይ ዞረ። ደራሲያችንን ሸጠው እያለ በድንጋይ፣ በዱላ፣ በእግሩ ወረደበት። በተውኔቱ እህቱን የምትሆነው ሴት በዘነዘና ግራ ክንዱን ሰበረችው። አራባ የዓሣ ቢላዋዋን እያወናጨፈች ባትገባ ኖሮ በዚያው ያበቃ ነበር፤ ሁለት ሰው ቆርጣ ነው ባሏን ከእግራቸው ሥር ያወጣችው።

ክንዱ ተጣምሞ ገጠመ፤ ጣቶቹ መጨበጥ እምቢ አሉ። ኤሱማን ታሰረ። የበዓሉ አዘጋጆች ይቅርታ ይዘው ለከርሞ እንዲጫወት ሊለምኑት ሲመጡ አራባ የዓሣ እጣቢ ደፋችባቸው። ኤቦም ዳግመኛ አደባባዩን አልረገጠም።

ኤሱማን ከእስር ወጥቶ ከርሞ አንድ ጠዋት ጠራቢው ዘንድ መጣ።

«አባቴ» አለ አንገቱን ደፍቶ፣ «የወንድሜ ጀልባ ጎኗ ተሰንጥቋል። ሌላው ጠራቢ የእናንተን አልነካም ብሎናል።»

ኤቦ መጥረቢያውን አስቀመጠ። ከዚያ በደህናው እጁ አፉን በቡጢ መታው። ኤሱማን የእንጨቱ ፍቅፋቂ ላይ ተዘረጋ፤ ደም ተፋ፣ እጁን ግን አላነሣም። አራባ ቢላዋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ጨረስክ?» አለችው ባሏን።

«ጨርሻለሁ» አላት። ወደ ወደቀው ዞረና፣ «ተነሣ። ግራ እጄ አይጨብጥም፤ ስንጥቁን ስጠግን ሳንቃውን አንተ ትይዝልኛለህ» አለው።

ኤሱማን አፉን በክንዱ ጠርጎ ተነሣ። ሁለቱም ጀልባዋን ከባሕሩ ዳር ሊስቡ ወረዱ።