የባለቤቴ ኪኒንና የአኩሪ አተር ወተት

«እናቴ፣ ኪኒኑን በምንድን ነው የሚውጡት?» አላት ሐኪሙ ዛሬ ጠዋት።

«በአኩሪ አተር ወተት። እሱ ራሱ ነው የሚሰጠኝ፤ ደቂቃ አያዛንፍም!» አለች ባለቤቴ፣ እየኮራችብኝ።

እንቅርቷ በቀዶ ጥገና ከወጣ ወዲህ ኪኒን በየቀኑ ትወስዳለች። ጾሙ ሲገባ «የላም ወተት አልነካም» ስላለች፣ ባዶ ሆዷን እንዳይጎዳት ብዬ ያንን አመጣሁላት።

ለካ አኩሪ አተር ይህ መድኃኒት በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል። ዛሬ ሐኪም ቤት የወሰዳትን ድካም የመለስኩባት እኔ ነኝ።

«አኩሪ አተሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ጋሼ፤ ገንቢ ምግብ ነው። ኪኒኑን ግን በውሃ፤ ወተቱ ከአራት ሰዓታት በኋላ ይድረስ» አለኝ ሐኪሙ።

ወተቱን የሸጠችልኝ ባለሱቅ «ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ነው» ስትለኝ አመንኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን «መጀመሪያ አንብቡ» ስል የኖርኩት ሰውዬ የኪኒኑን ወረቀት አልገለጥኩም።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ባለቤቴ «አይዞህ» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እናንተስ፣ ላስታምም ብላችሁ የጎዳችሁት ሰው አለ? እባካችሁ ጻፉልኝ።