ጋሽ በርሄ ነውር ያሉት ቤት

ከአገሬ የወጣሁ ዕለት ማታ ቦሌ ድረስ የሸኘኝ ሰው ብዙ ነበር፤ እኔ ግን የማልረሳት እንዳትሸኘኝ የተከለከለችውን ነው። ሰብለ ትባላለች። የአባቴ ልጅ ናት፣ ከሌላ ሴት። ናዝሬት እንዲህ ያለች እህት እንዳለችኝ ያወቅሁት አባባ ሞቶ፣ ልቅሶው ድንኳን ውስጥ ከእናቷ ጋር ጥቁር ለብሳ ስትገባ ነው። አጎቶቼ ያውቁ ነበር፣ የንስሐ አባቱ ያውቁ ነበር፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሳይቀር ያውቅ ነበር! ያላወቅነው እኔና እማዬ ብቻ ነን። እኔ የምሄድ ዕለት ግን ሰብለ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ከናዝሬት ድረስ መጣች። እማዬ «አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?» ብላ ከመኪናው በር መለሰቻት። እኔስ? ዝም አልኩ።

አሜሪካ ገብቼ ሁለት ዓመት ሳን ሆዜ የአክስቴ ልጅ ሶፋ ላይ ተኛሁ። ከዚያ ኦክላንድ ሽማግሌዎችን የመንከባከብ ሥራ አገኘሁና ጋሽ በርሄ ክፍል ፈለጉልኝ። ጋሽ በርሄ ኤርትራዊ ናቸው፤ ድሮ አዲስ አበባ ከአባባ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ሠርተዋል፣ እዚህ ታክሲ ይነዳሉ። የቤቱ ሁኔታ ምን እንደሆነ እሳቸውም አላወቁም።

አከራዬ ሊንዳ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ዴቪድ ባሏ ነው። ማርከስ ደግሞ ፓርትነሯ፣ ፍቅረኛዋ ማለት ነው። ዴቪድም ኤሚ የምትባል አለችው፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከነልጇ ትመጣለች። ሁሉም ይተዋወቃሉ፣ ሁሉም ተስማምተዋል፣ የሁሉም ቀን ኪችን ግድግዳ ላይ ያለ ካላንደር ላይ በየቀለሙ ተጽፏል። ፖሊአሞሪ ይባላል አለችኝ። ግራ ቢገባኝ «ታዲያ የቤቱ ባለቤት ማነው?» አልኳት። አሰብ አደረገችና «እሱን በስብሰባ ነው የምንወስነው» አለችኝ። እናንተዬ፣ ያስደነገጠኝ ፍቅራቸው አይደለም፣ ስብሰባቸው ነው። ቀበሌ እንኳ እንዲህ አይሰበሰብም!

ዲሴምበር ላይ እንደነሱ የሚኖሩ ሰዎች ከኤል ሴሪቶም ከሳን ሆዜም ምግብ ምግባቸውን ይዘው መጡ። የአይሁዶቹ የሻማ በዓል፣ የፈረንጅ ገና ዛፍ፣ የዓመቱ ረጅሙ ሌሊት፣ ሁሉንም ባንድ ምሽት ነው የሚያከብሩት። ሊንዳ የኔንም በዓል ጠየቀችኝ። የኛ ገና ጃንዋሪ ሰባት ነው፣ እስከዚያ ጾም ነው አልኳት። ካላንደሩ ላይ በአረንጓዴ ጻፈችው፤ ምስሩንም ያለ ቅቤ ሠራችልኝ። የገዛ የአክስቴ ልጅ እኮ «አንድ ቀን ብትበዪ ምን አለበት» እያለች ነበር የምታደርቀኝ። እንደ አባቴ ናቸው ብዬ ጋሽ በርሄንም ጋበዝኩ።

ከመብላታችን በፊት ቤተሰቡ ማን እንደሆነ ሁሉም በየተራው ይናገር ተባለ። የሊንዳ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የኤሚን ልጅ አቅፋ፣ ወንድሜ ነው፣ እናታችንም አባታችንም አንድ አይደለም፣ ግን ወንድሜ ነው አለች። ማንም አልሳቀባትም። የኔ ተራ ደረሰ። እናት አለችኝ፣ እህት ወንድም የለኝም አልኩ። ለምዶብኝ ከአፌ አመለጠኝ።

ጋሽ በርሄ ሳህናቸውን አስቀምጠው ወደ በረንዳ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ዕቃሽን አዘጋጂ። ይሄ የነውር ቤት ነው። አባትሽ ቢኖር ምን ይል ነበር?»

«ጋሽ በርሄ፣ ሰብለን ያውቋታል?»

ወደ መንገዱ እያዩ «ያ ሌላ ነው» አሉኝ። «እሱ ቢያንስ ደብቆታል።»

«የደበቀው እኮ ሰው ነው!» አልኳቸው።

እሳቸውን በዕድሜዬ እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። እኔ ፖሊአሞሪ ልሁን አላልኩም፤ አንድ ደህና ባል ካገኘሁ ይበቃኛል። ግን አንዲት ልጅ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳልተወለደች ስትቆጠር ያልተናገረ አፍ፣ ዛሬ ሰው በግልጽ ሲዋደድ ነውር ይላል? ያናድዳል። ከሁሉም የሚያናድደኝ ደግሞ አንዱ አፍ የኔ መሆኑ ነው።

በነጋታው አጎቴን ተለማምጬ የሰብለን ስልክ ቁጥር አገኘሁና ሺፍት ከመግባቴ በፊት ደወልኩ፤ እዚያ መሽቷል።

«ማን ልበል?» አለች።

«እህትሽ ነኝ» አልኳት።

የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማኛል።

«አትዝጊው» አለችኝ በሹክሹክታ። «እናቴ አጠገቤ ናት። ከናንተ ቤት ሰው ጋር እንዳላወራ አስምላኛለች። ቆይ፣ ደጅ ልውጣ።»