ለአባቴ ጣቶች የወቀጥሁት ፌጦ

ፍኖተ ሰላም ገበያ አንዲት ሴት ፌጦ ስትወቅጥ ሽታው አፍንጫዬን ሰረሰረውና የአባቴ ጣቶች ትዝ አሉኝ።

አባቴ ማሲንቆ መቺ ነበር። ክረምት ቁርጥማቱ ሲነሳበት ጣቶቹ አልታጠፍ ይላሉ። ፌጦ ወቅጬ በኑግ ዘይት ለውሼ የማሸው እኔ ነበርሁ።

አንድ ቀን እናቴ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ "አንቺ ልጅ፣ አታድቅቂው። እሱ ካልታመመ የኛ አይደለም" አለችኝ። ነገሩ አልገባኝም፤ ይብስ አደቀቅሁት።

ጥር ላይ ጣቶቹ ተፍታቱ። "እጅሽ ይባረክ" ብሎ ግንባሬን ስሞኝ፣ ማሲንቆውን አንግቶ ቡሬ ለሰርግ ሄደ። እዚያው ሌላ ሚስት አግብቶ ቀረ።

እናቴ እስክትሞት አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

"ለቁርጥማት ነው እትዬ፣ ልቋጥርልዎት?" አለችኝ ሻጯ፣ ማነከሴን አይታ።

"ተይው ልጄ፣ ያድናል" አልኋት።