ካርታ ሲዘረጉ ጫማ የሚያወልቁ ሽማግሌ

ቦሌ ሚካኤል ካለችው የሮሃ ፎቶ ኮፒ ቤት ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው የሚገቡት እኚህ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። የለበሱት ወዛም የጥበቃ ካፖርት ነው። ከብብታቸው የኤርፖርቱ ካርታ አይጠፋም፤ ማኮብኮቢያው፣ አውሮፕላኖቹ የሚመጡበት መስመር፣ የዙሪያው ሰፈር ሁሉ ተስሎበታል። እጥፋቱ እየተቀደደ ስለሚያስቸግራቸው በየጊዜው ኮፒ ያስደርጉታል። ሮሃ ጫማቸውን የሚያወልቁት እግራቸውን እየላጣቸው ይመስላት ነበር።

ዛሬ ካርታውን ሲዘረጉት ማኮብኮቢያው መሀል በእስክሪብቶ የተደረገች ነጥብ አየች።

"አባባ፣ ይቺን ቆሻሻ ላጥፋልዎት?"

"እንዳትነኪያት! የአባቴ አውድማ ናት።"

ከዚያ አንገታቸውን በበሩ ብቅ አድርገው ነፋሱን በጉንጫቸው አዳመጡት። "ከእኛ በኩል ነው የሚነፍሰው። እንግዲህ አውሮፕላኑ ነፋሱን ፊት ለፊት እንዲገጥም ከማዶ በሰሚት በኩል ይገባል" አሉ። "አባቴ እብቁን የሚወስድለት ነፋስ ፈልጎ እዚያ አውድማ ለቀለቀ። እነዚህ የኤርፖርት ሰዎችም ያንኑ ነፋስ ፈልገው መጡ።"

ተናግረው ሳይጨርሱ በሰሚት በኩል አንድ ግዙፍ አውሮፕላን ብቅ አለ። ልክ እንዳሉት ጎማውን ዘርግቶ፣ ነፋሱን በደረቱ እየገፋ ወረደ። የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

"ጫማውንስ ለምንድን ነው የሚያወልቁት?" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ልጄ፣ አውድማ ላይ በጫማ ይቆማል እንዴ?"

ሮሃ ካርታውን በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። ማሽኑን ከመክፈቷ በፊት ግን ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች።